ጥቆማ፦ የ1974 ፎርድ ኤፍ-100 የመሪ ላይ ማርሽ የሚሠራልኝ (ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ)

ባለፎርዷ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፒክአፑ የ1974 ኤፍ-100 ነው፤ ሞተሩ 300 ስድስት ሲሊንደር፣ ማርሹ ሦስት የፊት አንድ የኋላ፣ ማስገቢያው መሪው ላይ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀየር መሃል ላይ ይነክስና ወደየትም አይሄድም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አካባቢ የሚያውቀው ጋራዥ አለ? ዕቃውስ ከኤልኤምሲ ትራክ፣ ከዴኒስ ካርፔንተር ወይስ ከሮክኦቶ ይሻላል?

ዲያስፖራው፦ ወንድሜ ቀላል ነው። ጠቋሚዋ መርፌ ‹ዲ› ላይ በትክክል ካልቆመች መሪው ሥር ያለችውን ቀጭን ሽቦ ሳብ አድርገህ አስተካክል።

ካቻቢቴ፦ አንደኛ፣ እህታችን ናት። ሁለተኛ፣ በእጅ በሚቀየር ማርሽ ላይ የአውቶማቲኩ ‹ዲ› ከየት መጣ?

ጠርጣራው፦ ጋራዥ ከመፈለግሽ በፊት ይህን ስሚ። ስሙን አልጠራም እንጂ እኔ የወሰድኩበት ቦታ «ካምቢዮው አልቋል» ብለው አውርደው፣ ፈተው፣ ገጥመው አስከፈሉኝ። ማርሹ ግን እንደበፊቱ ይነክሳል። ጥፋቱ ከመሪው ወደ ካምቢዮው የሚወርዱት ዘንጎች ጎሚኒ ነበር፤ መጋጠሚያቸው ላይ ያለች የጥቂት ዶላር የጎማ ቀለበት!

ሰላምነው፦ ይኸው ነው እንግዲህ። ገብቶ በደህና የሚወጣ የለም።

አዲስመጤ፦ የትኛው ጋራዥ ነው? በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ የኔም ፍሬን እዚያ ነው የተሠራው መሰለኝ።

ጠርጣራው፦ የተቀየሩትን ዕቃዎች ስጠይቅ «ጥለናቸዋል» አሉ። ከሥራው በፊት «አሮጌው ዕቃ ይመለስልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ አስፍሩ።

ካቻቢቴ፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ማንም ሊያደርገው የሚችል ፈተና አለ። ሞተሩ ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማዎቹ ድንጋይ ይደረግባቸው። ካምቢዮው ጎን ካሉት ሁለት ሌቫዎች ዘንጎቹን ፍቺ። የፊተኛው ሌቫ የሁለተኛና የሦስተኛ ነው፣ የኋለኛው የአንደኛና የኋላ ማርሽ። አንዱን ዜሮ (ምንም ማርሽ ያልገባበት ቦታ) ላይ ትተሽ ሌላውን በእጅ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሺ። ቀጥ ብሎ «ቀጭ» እያለ ከገባ (ካልገባ ደግመሽ ሞክሪ፣ ጥርስ ጥርስ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል) ለመንከሱ ጥፋተኛው ካምቢዮው አይደለም፤ ችግሩ ከዚያ በላይ ነው። ይህን ሳያይ «ይውረድ» የሚል መካኒክ ካጋጠመሽ ቁልፍሽን ተቀብለሽ ውጪ።

ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ የሚነክሰው፣ የአንደኛው ሌቫ ዜሮ ላይ ሳይደርስ ማስገቢያው ወደ ሁለተኛው ለመሻገር ስለሚሞክር ነው። መንገድ ላይ ቢይዝሽ ሞተሩን አጥፊ፣ ኮፈኑን ክፈቺ፣ መሪው ሥር ያሉትን ሁለት ሌቫዎች በእጅ እኩል አድርጊያቸው፤ ይለቃል።

ዋናው ሥራ ግን ማስተካከሉ ነው። ጎሚኒዎቹን መጀመሪያ ቀይሪ፤ ባረጀ ጎማ ላይ የተስተካከለ ነገር ሳምንት አይቆይም። ከዚያ ማስገቢያውን ዜሮ ላይ አድርጊ፣ ካምቢዮው ላይ ያሉትን የማስተካከያ ዳዶዎች አላሊ፣ መሪው ሥር ባሉት ሁለት ሌቫዎች ቀዳዳና በመሃላቸው ባለው ቀዳዳ 3/16 ኢንች የመሰርሰሪያ ጫፍ አሳልፊ። ካምቢዮው ላይ ያሉት ሌቫዎች ዜሮ ላይ መሆናቸውን አረጋግጠሽ ዳዶዎቹን ስታጠብቂ ዘንጉን በሌላ እጅ ያዢው፤ አብሮ ከዞረ ልኩ ጠፋ። ጫፉን ማውጣት አትርሺ።

አዲሱ ጎሚኒ አልገባ ካለ ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ሲሊኮን ቅባት ቀቢው። ተራ ግራሶ ጎማውን ያሳብጠዋል።

የመርካቶልጅ፦ ከአዲስ አበባ ነኝ። እዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ ሶማሌ ተራ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ከነሐስ ይቆረጥና ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለምን ጎማ ላይ ትጨነቃላችሁ?

ካቻቢቴ፦ ሞተሩ በተቀመጠባቸው የጎማ ትራሶች ላይ ይወዛወዛል፣ መሪው ግን ቦዲው ላይ ታስሯል። ዘንጎቹ ትንሽ መተጣጠፍ አለባቸው። ነሐስ ከሆነ ይንቀጫቀጫል፣ ቀዳዳውንም ይበላዋል። የቶርኖ ቦታው ሌላ ነው፦ የማስገቢያው የውስጥ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችው ጥርስ ከተበላች ቶርኖና ብየዳ ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ ልክ ነህ።

ሎያል፦ ኤልኤምሲ። አለቀ። ካታሎጉም በነፃ ቤት ድረስ ይመጣል።

ካቻቢቴ፦ ዴኒስ ካርፔንተር ፎርድ ላይ ነው የሚያተኩረው፤ ለዚህ መኪና እዚያም ማየት ይገባል። ሮክኦቶ ዋጋው ዝቅ ይላል፣ መላኪያው ግን ለአንዲት ጎሚኒ ከጎሚኒዋ ዋጋ ይበልጣል። ከየትም ይሁን፣ የሌቫውን ቀዳዳ ለክተሽ እዘዢ።

ሎያል፦ ለካህም አልለካህም ኤልኤምሲ ነው።

ጠርጣራው፦ ካታሎጉን ለማርሹ አስነብበው፣ ራሱ ይገባል።

ባለፎርዷ፦ ካቻቢቴ በጣም አመሰግናለሁ። ፈተናውን ሠራሁ፣ ሁለቱም ሌቫ «ቀጭ» ይላል። ኋላ ማርሽ ግን ይፋጫል፣ እሱስ?

ካቻቢቴ፦ ኋላ ማርሽ ማስማሚያ ቀለበት (ማርሾቹን እኩል አዙሮ የሚያገናኝ) የለውም። ፍሪሲዮኑን ረግጠሽ ሦስት አራት ሴኮንድ ጠብቂና አስገቢ። አሁንም ከጮኸ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ የፔዳሉ ነፃ ጉዞ (መሥራት ከመጀመሩ በፊት ባዶውን የሚወርደው) ከመጠን በላይ በዝቶ እንዳይሆን እዪ።

ዲያስፖራው፦ ወለል ላይ የሚቆመውን የሀርስት ማርሽ ማስገቢያ ብታስገቢስ? ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀር ነበር።

ካቻቢቴ፦ ወለሉን መብሳት፣ ወንበሩ እንዳይነካው ማየት... ለጥቂት ጎሚኒ?

ሰላምነው፦ ባለፎርዷ፣ ጋራዥ አገኘሽ ወይስ ራስሽ ልትሠሪው ነው?

አዲስመጤ፦ ፒክአፑ ይሸጣል እንዴ?