በሳምንት ሦስት ቀን ለሚመላለስ ሰው ዓመታዊ ሲዝን ቲኬት ያዋጣል? ተመላሹና የመዘግየት ካሳውስ እንዴት ይሰላል?

ማለዳ ተነሺ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከሉተን ለንደን መሀል ለሥራ እመላለሳለሁ፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ፣ ሁልጊዜ በፒክ (መንገደኛ በሚበዛበት) ሰዓት። መሥሪያ ቤቱ ለዓመታዊ ሲዝን ቲኬት (በአንድ መስመር ለተወሰነ ጊዜ እንደልብ ለሚያመላልስ የባቡር ቲኬት) ያለ ወለድ ብድር ይሰጣል፤ ኮንትራቱ ግን በስድስት ወር ሊያልቅ ይችላል። ያልገቡኝ ሦስት ነገሮች ናቸው። ዓመታዊው ይሻላል ወይስ ፍሌክሲ (ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚገዛው)? ስድስት ወር ላይ ብመልሰው የገንዘቡ ግማሽ ይመለሳል? ባቡር ሲዘገይ ሲዝን ቲኬት ለያዘ ሰው ካሳው በምን ይሰላል? በቁጥር የሚያስረዳኝ ካለ አመሰግናለሁ።

ቆጣቢው፦

ግማሹ አይመለስም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር።

የሲዝን ቲኬት ዋጋ መሠረቱ ሳምንታዊው ነው። ወርሃዊው የሳምንታዊው 3.84 እጥፍ፣ ዓመታዊው ደግሞ 40 እጥፍ ነው። የመንገድሽን ትክክለኛ ዋጋ ከናሽናል ሬይል የሲዝን ቲኬት ማስያ ታገኚዋለሽ፤ ለሂሳቡ እንዲቀለን ግን ሳምንቱ 100 ፓውንድ ነው እንበል። ወሩ 384፣ ዓመቱ 4,000 ይሆናል ማለት ነው። 52 ሳምንት በ40 ሳምንት ዋጋ መግዛት ደስ ይላል፤ ቅናሹ ግን ያለው ጭራው ላይ ነው። የ10 ወር ከ12 ቀን ቲኬት ብትገዢ ዋጋው ከዓመታዊው ጋር እኩል ይመጣል። በነጻ የምትሄጂው ከዚያ በኋላ ያለውን ሰባት ሳምንት ገደማ ነው።

ስትመልሺው ያልተጠቀምሽበት ወር አይቆጠርልሽም። የሚታየው የተጠቀምሽበት ጊዜ ነው፤ ያ ጊዜ በወርሃዊ ዋጋ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ስንት ያወጣ ነበር ተብሎ ይሰላና ከከፈልሽው ላይ ይቀነሳል። ስድስት ወር በ384 ሲባዛ 2,304። ከ4,000 ላይ ሲነሳ 1,696 ይቀራል፤ ከእሱም ላይ እስከ 5 ፓውንድ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል። 42 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። 10 ወር ከ12 ቀን ካለፈሽ ደግሞ አንዲት ሳንቲም የለም።

ስለዚህ ስድስት ወር ላይ ብታቆሚ፣ በየወሩ ወርሃዊ ሲገዛ ከከረመ ሰው ጋር እኩል ነሽ፤ አምስቷን ፓውንድ ብቻ አብልጠሽ ትከፍያለሽ። አትከስሪም፣ አታተርፊምም።

አሁን ፍሌክሲን እንይ። በ28 ቀን ውስጥ የምትጠቀሚባቸው 8 የቀን ማለፊያዎች ናቸው። ዋጋው እንደየመንገዱ ይለያያል፤ 200 ቢሆን ቀኑ 25 ፓውንድ ይመጣል። በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ሳምንት ዕረፍት ብትወጪ 24 ሳምንት ትሠሪያለሽ፣ 72 ቀን፣ ዘጠኝ ፍሌክሲ፣ 1,800 ፓውንድ። ከ2,304 ጋር አስተያዪው። ለሙሉ ዓመት ከሆነ ደግሞ የዓመታዊውን ዋጋ ለፍሌክሲው የቀን ዋጋ አካፍይ፦ 4,000 ለ25፣ 160 ቀን። በዓመት ከ160 ቀን በላይ ቢሮ የምትገቢ ከሆነ ዓመታዊው፣ ከዚያ በታች ከሆነ ፍሌክሲው። ሦስት ቀን በ46 ሳምንት 138 ነው። አራተኛ ቀን ከተጨመረብሽ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል።

የጣቢያ ሰው፦

ቆጣቢው ያለው ልክ ነው። ፍሌክሲ ላይ ሰው የሚጎዳባቸውን ነገሮች ልጨምር።

አንደኛው 28ቱ ቀን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የሚሄድ ሰው ስምንቱን ማለፊያ የሚጨርሰው ልክ በአራተኛው ሳምንት ስለሆነ አንድ ቀን ታሞ ቢቀር ያቺ ማለፊያ ተቃጠለች ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው አትተላለፍም። አንቺ ግን ማክሰኞ ብትጀምሪ ስምንተኛዋን የምትጠቀሚው በ16ኛው ቀን፣ ረቡዕ ዕለት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ብትቀሪ እንኳ ትደርሺያለሽ።

ሁለተኛው ማንቃት ነው፤ ማለትም ማለፊያዋን ለዕለቱ ማስጀመር። በስማርት ካርድ ከሆነ በሩ ላይ ስትነኪው የዕለቱ ማለፊያ በራሱ ይነቃል። በስልክ ባርኮድ ከሆነ ግን ባቡር ከመውጣትሽ በፊት አፑ ውስጥ ገብተሽ የዛሬዋን ራስሽ ማንቃት አለብሽ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ማንቃት ሰበብ አይሆንም፤ ያልነቃ ማለፊያ እንደሌለ ቲኬት ነው የሚቆጠረው። በእንግሊዝ ከጥር 2023 ወዲህ ቅጣቱ 100 ፓውንድ ሲደመር የጉዞው የአንድ መንገድ ዋጋ ነው፤ በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ መቶው ወደ 50 ይወርዳል። በር የሌለው ጣቢያ ከሆነ ካርድ ማንበቢያው ምሰሶ የት እንደቆመ አስቀድመሽ እዪ።

ሌላው፣ መድረሻው ላይ «ለንደን ተርሚናልስ» (የለንደን ዋና ዋና ባቡር ጣቢያዎች) የሚል ቲኬት ቲዩብ፣ ማለትም የለንደንን የምድር ውስጥ ባቡር፣ አይጨምርም። ከባቡሩ ወርደሽ ቲዩብ የምትይዢ ከሆነ የእሱን ዋጋ ለብቻ ደምሪና ትራቭልካርድ (ቲዩብንም የሚያካትት የለንደን ማለፊያ) ከተካተተበት ሲዝን ቲኬት ጋር አወዳድሪ።

ባለ ደረሰኝ፦

ስለ ካሳው እኔ ልመልስ። ዲሌይ ሪፔይ ይባላል። ሲዝን ቲኬት ላይ መጀመሪያ የአንድ ጉዞ ዋጋ ይወጣል። ሳምንታዊው ለ10፣ ወርሃዊው ለ40፣ ዓመታዊው ለ464፣ ፍሌክሲው ለ16 ይካፈላል። ከላይ ባለው ምሳሌ ዓመታዊው 8.62 ፓውንድ፣ ወርሃዊው 9.60፣ ፍሌክሲው 12.50 ይመጣል። ርካሽ ቲኬት፣ ርካሽ ካሳ።

ከዚያ ከ15 እስከ 29 ደቂቃ ከዘገየ የዚያን 25 በመቶ፣ ከ30 እስከ 59 ከሆነ 50 በመቶ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ ሙሉውን፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ከሆነ እጥፉን ይከፍላሉ። ከ30 ደቂቃ በታች የማይከፍሉ ኩባንያዎች ስላሉ የራስሽን አጣሪ።

የሚቆጠረው ባቡሩ ዘግይቶ የተነሳበት ሳይሆን አንቺ ዘግይተሽ የደረስሽበት ነው። የ7:42ቱ (በእኛ 1:42 መሆኑ ነው) ተሰርዞ በ8:00 ብትሄጂ፣ በ7:42ቱ መድረስ የነበረብሽና በ8:00ው የደረስሽበት ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል። ሁለት ባቡር የምትቀያይሪ ከሆነና የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጠሽ፣ ጥያቄው የሚቀርበው ለመጀመሪያው ባቡር ኩባንያ ነው። ለሁለተኛው የላከ ሰው ሳምንታት ጠብቆ «እኛን አይመለከትም» የሚል ኢሜይል ነው የሚደርሰው።

ጊዜው 28 ቀን ነው። የቲኬቱን ፎቶ ወይም የስማርት ካርዱን ቁጥር፣ ቀኑን፣ መነሻና መድረሻውን፣ ልትሄጂበት ያሰብሽውን ባቡር ሰዓት ታስገቢያለሽ። አከፋፈል ሲጠይቅሽ ባንክ ምረጪ፤ ቫውቸር የመውሰድ ግዴታ የለብሽም። ካልተስማማሽ ለዚያው ኩባንያ ይግባኝ፣ የመጨረሻ መልሱም ካላረካሽ ሬይል ኦምቡድስማን (የመንገደኞችን አቤቱታ የሚያይ ገለልተኛ አካል)፤ ክፍያ የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሲዝን ቲኬት ስላለሽ ብቻ ቤትሽ ለዋልሽበት ቀን አትጠይቂ። ስማርት ካርዱ የት የት እንደተነካ ይታያል፤ በማጭበርበር ፍርድ ቤት ያስቀርባል።

ማለዳ ተነሺ፦

በጣም ነው የማመሰግነው። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ሬይልካርድ (የባቡር ቅናሽ ካርድ) ሲዝን ቲኬት ላይ ይሠራል? ደግሞ «መጋቢት ሳይገባ ግዢ፣ ዋጋ ይጨምራል» ያለኝ ሰው አለ።

ቆጣቢው፦

ሬይልካርድ ለሲዝን ቲኬትም ለፍሌክሲም አይሠራም። ከ16 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች የሚይዙት «16-17 ሴቨር» የተባለ የቅናሽ ካርድ ግን ሲዝን ቲኬት ላይም ግማሽ ይቀንሳል። በተቃራኒው ዓመታዊ ቲኬት በለንደንና በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ራሱ ጎልድ ካርድ የሚባል የቅናሽ ካርድ ሆኖ ከፒክ ውጪ ሲሶ ያስቀንሳል፣ አብረውሽ ለሚሄዱ እስከ ሦስት ዐዋቂዎችም ጭምር። ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ ይዞ የሚዞር ሰው ይህን ሒሳብ ውስጥ ሊያስገባው ይገባል።

የመጋቢቱ ጭማሪ ቀደም ሲል እውነት ነበር፤ በመጋቢት 2025 4.6 በመቶ ጨምሯል። አሁን ግን በእንግሊዝ መንግሥት የሚቆጣጠራቸው ዋጋዎች፣ ሲዝን ቲኬትም ከእነሱ አንዱ ነው፣ እስከ መጋቢት 2027 ባሉበት እንዲቆዩ ተወስኗል። አትጣደፊ።

ባለ ፔይሮል፦

ስለ ብድሩ ማንም አልነካም። ከአሠሪ የተወሰደ ብድር በድምሩ ከ10,000 ፓውንድ ካልበለጠ ግብር አያመጣም፤ በየወሩ ከደመወዝ ይቆረጣል። ችግሩ ሥራ ስትለቂ ነው፦ ቀሪው ብድር ከመጨረሻው ደመወዝሽ በአንድ ጊዜ ይነሳል፣ የቲኬቱ ተመላሽ ደግሞ ገና በመንገድ ላይ ይሆናል። ያን ወር ኪራይ ከምን እንደምትከፍይ አስቢ። በምሳሌው ሂሳብ ስድስት ወር ላይ ያልተከፈለው ብድር 2,000 ሲሆን ከቲኬቱ የሚመለሰው 1,691 ነው፤ 309 ፓውንድ ከኪስሽ።

ተመላሹ የሚቆጠረው ከጠየቅሽበት ቀን ጀምሮ እንጂ ከመጨረሻው ጉዞሽ አይደለም። የመጨረሻ ቀንሽ ሐሙስ ከሆነ ሐሙስ ማታ ቤት እንደገባሽ ጠይቂ፤ ወረቀት ቲኬት ከሆነ ወደ ገዛሽበት ጣቢያ ወስደሽ አስረክቢ። ወርሃዊና ከዚያ በላይ የሆነ ቲኬት ቢያንስ 7 ቀን፣ ሳምንታዊ ደግሞ 3 ቀን ካልቀረው አይመለስም።

ማለዳ ተነሺ፦

እንግዲያው ፍሌክሲ። በስማርት ካርድ ነው የምወስደው፤ ባርኮዱን ማንቃት እንደምረሳ ከአሁኑ አውቀዋለሁ።

የጣቢያ ሰው፦

ካርዱን ከባንክ ካርድሽ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አድርገሽ በሩ ላይ አታስነኪ። ማሽኑ የባንክ ካርድሽን ቀድሞ ሊያነብ ይችላል።