አስቸኳይ፦ የአባቴ ኤምአርአይ ስላይሰር ላይ አንድ ምስል ብቻ ያሳየኛል

የቀበሌ 14 ልጅ፦
ሰላም ባህር ዳሮች። ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለን፣ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የአባዬን የጭንቅላት ኤምአርአይ ከሲዲው ገልብጬ 3ዲ ስላይሰር የሚባለው የሕክምና ምስል ማያ ፕሮግራም ላይ ጎትቼ ስጥለው አንዲት ምስል ብቻ ትወጣለች። ሌላው የት ገባ? ሪፖርቱ «ኖርማል» ይላል፣ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ በሽታ መሆኑን ራሴ ልለካ ነው።

ጣና ዳር፦
ዘግተሽ ክፈቺው።

ኮምፒውተር ጠጋኙ፦
ጎትተሽ አትጣይው። ዲኮም (የሕክምና ምስሎች የሚቀመጡበት የፋይል ዓይነት ነው) የሚለውን ክፈቺና ኢምፖርት በይ። አንድ ፋይል ሳይሆን ሙሉውን ፎልደር ምረጪ። ስማቸው ቁጥር ብቻ ቢሆንም ፋይሎቹ አልተበላሹም። ከዚያ ቲ1፣ ቲ2፣ ፍሌር እያለ የኤምአርአይ ምስል ዓይነቶቹን ይዘረዝርልሻል።

ጡረተኛው መምህር፦
ሐኪሙ ጄምስ ፓርኪንሰን ስለዚህ በሽታ በ1817 ሲጽፍ ኤምአርአይ ቀርቶ ራጅም አልነበረም። መንገድ ላይ ያያቸውን ሰዎች ሳይቀር አረማመዳቸውን አስተውሎ ነው የጻፈው። የዛሬ ልጅ ስክሪን ካላየ አያምንም!

ጣና ዳር፦
ዘግተሽ ከፈትሽው ወይ?

አባይ ማዶ፦
ላፕቶፑን ሐኪም ካደረግሽው መብራት ሲሄድ ዶክተሩም ይሄዳል 😂

ራጅ ክፍል፦
እህቴ፣ መነሻሽ ላይ ነው ችግሩ። በፓርኪንሰን የተለመደው ኤምአርአይ ብዙ ጊዜ ኖርማል ነው። የሚታዘዘው ስትሮክ፣ ዕጢ ወይም ውሃ መቋጠር እንደሌለ ለማረጋገጥ ነው።

የቀበሌ 14 ልጅ፦
ወንድሜ ደግሞ «ኖርማል ከተባለ እርጅና ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። ፍሪሰርፈር የሚባለው ፕሮግራምስ አይለካም?

ራጅ ክፍል፦
ፍሪሰርፈር የአንጎል ክፍሎችን መጠን ይለካል፣ በሽታ አይሰይምም። ደግሞም በተለመደው አሠራሩ 1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ 3ዲ ቲ1 ምስል ይፈልጋል። የተለመደው ምርመራ 5 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ባላቸው ምስሎች ስለሚነሳ ለዚህ አሠራር አይመችም። ዳት ስካን የሚባል ሌላ ምርመራ አለ፤ የዶፓሚን ነርቮችን ያሳያል። እሱም ቢሆን የሐኪሙን ምርመራ አይተካም። አባትሽ እጃቸው የሚንቀጠቀጠው መቼ ነው?

የቀበሌ 14 ልጅ፦
ጭኑ ላይ ሲያሳርፈው። ሲኒ ሲያነሳ ይተወዋል። መረብ ሲቋጥር ግን ድሮ እንደዛ ሲፈጥን የነበረ ሰውዬ ጣቱ እየተጎተተ ነው።

ራጅ ክፍል፦
ይኸው! ለሐኪሙ የሚጠቅመው ይሄ ነው። መንቀጥቀጡንም፣ ሲቋጥሩም፣ ሲራመዱም በስልክሽ ቅረጪ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ያዢ። ለማስመለስ የሚሰጠው ፕላሲል እንኳ እንዲህ ዓይነት ምልክት ሊያመጣ ይችላል። ብቻ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ጡረተኛው መምህር፦
እኔስ ምን አልኩ?

ጣና ዳር፦
ካልሆነ አጥፍተሽ ጫኚው።

የጊሽ ዓባይ ሰፈር፦
የእኔ ላፕቶፕ የሲዲ ማስገቢያ የለውም። የእማዬን የት ላስገልብጥ?

ኮምፒውተር ጠጋኙ፦
ፎቶ ቤት ጠይቂ። ፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ምስሎቹን ብቻ ሳይሆን ሲዲው ላይ ያለውን በሙሉ ገልብጡልኝ በያቸው።