ባንክሲያ ኤሪሲፎሊያ፦ ፍሬው አልከፈት አለ፣ ችግኙም ገረጣ

ጀማሪ_አትክልተኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ባንክሲያ ኤሪሲፎሊያ የተባለው የአውስትራሊያ ቁጥቋጦ ፍሬ እንጨት ሆኖ ደርቋል፤ በቢላዋም አልከፈት አለ። ዘሩ ሳይጎዳ እንዴት ይወጣል? ሁለተኛው፣ ከሌላ ዘር የበቀሉት ችግኞች 15 ሴንቲ ሜትር ደርሰዋል፤ አዲሱ ቅጠላቸው ቢጫ ነው፣ የቆየው ደግሞ ጫፉ አርሯል። አፈሩ ግማሽ ጥቁር አፈር፣ ግማሽ ኮምፖስት ነው፤ በወር አንዴ ዳፕ በውሃ በጥብጬ አጠጣቸዋለሁ። ማዳበሪያውን ልጨምርላቸው?

ሥረ_ብዙ፦
ወንድሜ፣ ዳፑን ዛሬውኑ አቁም! የጎዳቸው መራብ ሳይሆን መጥገብ ነው። ይህ ቁጥቋጦ የአውስትራሊያ ነው፤ በኒው ሳውዝ ዌልስ ባሕር ዳርቻ፣ ፎስፈረስ እጅግ ባነሰበት አሸዋማ መሬት ላይ ይበቅላል። ከአፈሩ ወለል ሥር ብሩሽ የመሰሉ ጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን ሥሮች ዘርግቶ ያለችውን ጥቂት ፎስፈረስ ይለቅማል። ሲትረፈረፍለት ግን በቃኝ ማለት አያውቅም። በውስጡ የተከማቸው ፎስፈረስ ብረቱን እንዳይጠቀም ያግደዋል፤ አዲሱ ቅጠል የሚገረጣው ለዚህ ነው። የቆየው ቅጠል ጫፍ ማረር ደግሞ የመመረዝ ምልክት ነው። ዳፕ ከረጢት ላይ 18-46 ተብሎ ከተጻፈው 46ቱ የፎስፌት መቶኛ ነው። የአጥንት ዱቄትም ያው ነው፤ አታስጠጋው።

አሁን የማሰሮውን አፈር በማሰሮው መጠን አራት አምስት እጥፍ በሆነ ንጹሕ ውሃ ቀስ እያልክ እጠበው። ኬሌት የሆነ (ተክሉ በቀላሉ እንዲወስደው የተዘጋጀ) ብረት በእሽጉ ላይ በተጻፈው ልክ ብትሰጠው አዲሱ ቅጠል አረንጓዴነቱ ሊመለስ ይችላል፤ ያረረው ግን አይድንም።

አሸዋማው፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ በማጠቡ ላይ ግን አልስማማም። ጥቁር አፈር ፎስፌትን አጥብቆ ስለሚይዝ ውሃ ብቻውን አያወጣውም። ወደ ሌላ አፈር አዛውራቸው፦ ሦስት እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የታጠበ ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ)፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ5.5 እስከ 6.5። ኖራና አመድ አይገባበትም። ስታዛውር ልቅ አፈሩ ይራገፍ እንጂ ሥሩን አትበትን፤ ይህ ተክል ሥሩ ሲነካ ቶሎ ይቀየማል።

ከማሰሮው ሥር ውሃ የሚያቁር ሳህን ካለም አንሣው። እርጥበትና ሙቀት ሲገናኙ ፋይቶፍቶራ የተባለው ሥር አበስባሽ ይመጣል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ከጠወለገ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ማዳን ይከብዳል። ያንን አፈር ለሌላ ተክል አትጠቀምበት።

ወረንጦ፦
ወደ ፍሬው ልመለስ፤ እስካሁን ማንም አልነካውም። ቢላዋና መዶሻ ዘሩን ይሰብሩታል። ይህ ዝርያ ሰደድ እሳት ሲያገኘው ይሞታል እንጂ ከሥሩ አያቆጠቁጥም፤ ዘሩን ቆልፎ የሚያቆየው ለእሳቱ ማግስት ነው። ስለዚህ ሙቀት ስጠው።

መጀመሪያ ፍሬው የበሰለ ይሁን፤ አበባው ከረገፈ ቢያንስ አንድ ዓመት የሞላው። የደረቀውን የአበባ ጠጉር ንቀልለት፣ አለበለዚያ ይጨሳል። ከዚያ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል አቆየው። ፍሬው ላይ ያሉት ዘር የያዙ ትናንሽ አፎች ከንፈሮቻቸው ሲላቀቁ አውጣና አቀዝቅዘው። ከፊሉ ካልተላቀቀ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድረህ አድርቀውና እንደገና አሙቀው።

ዘሩን በወረንጦ ሳብ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፦ በእያንዳንዱ አፍ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ዘር አለ፣ አጠገቡ ደግሞ እንጨታማ መለያ ይቀመጣል። መለያው በቅርጹ ቁርጥ ዘሩን ስለሚመስል እሱን ዘርቶ ወራት የሚጠብቅ ሞልቷል። ወፈር ብሎ ግትር የሆነው መለያው ነው፤ ዘሩ ስስ፣ ጠቆር ያለ፣ ክንፉም እንደ ወረቀት የሳሳ ነው።

5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ ዝራው፤ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጅበታል። በላስቲክ አፍነህ አትሸፍነው፣ ቡቃያው ከአንገቱ ይበሰብሳል።

ጀማሪ_አትክልተኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሲያገግሙ ቁጥቋጦው እንዲበዛ አናታቸውን ልቁረጥ? ማዳበሪያስ ጭራሽ ይቅር?

አሸዋማው፦
አዲስ ቅጠል አውጥተው እስኪጠነክሩ መቀስ አታስጠጋ። ከዚያ ለስላሳውን ጫፍ ብቻ ቀንጥስ። ትልቅ ሲሆንም ሁልጊዜ ቅጠል ካለበት በላይ ቁረጥ፤ ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨት ላይ ከወረድክ ያ ቅርንጫፍ መልሶ አያቆጠቁጥም። ማዳበሪያ ለዚህ ዓመት ይቅር። በሚቀጥለው ፎስፈረሱ ከ2 በመቶ በታች የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ዓይነት ካገኘህ ከታዘዘው ግማሹን ስጥ፤ ካላገኘህ ምንም አለመስጠት ይሻላል።