«ኦር ማይሰልፍ» ስሕተት ነው ወይስ ትሕትና?

የገላን ልጅ፦ ሰላም ለቤቱ። ገላን አንድ መጋዘን በር ላይ የተለጠፈ ነው፦ «ፎር ኦል ዴሊቨሪስ፣ ፕሊዝ ኮል ዘ ስቶርኪፐር ኦር ማይሰልፍ።» ከሥሩ የማኔጀሩ ፊርማ አለ። «ዕቃ ሲመጣ ወይ ስቶርኪፐሩን ወይ እኔን ጥሩ» ማለታቸው ነው። «ማይሰልፍ» ቦታው ነው? «ሚ» ቢሉ ጆሮ ላይ ደረቅ አይልም? አንዱ ደግሞ «አይ» ነው ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል።

ዕዝል፦ ስቶርኪፐሩን አውጣውና አንብብ። «ኮል አይ» አይሄድም፣ «ኮል ማይሰልፍ»ም አይሄድም፣ «ኮል ሚ» ይሄዳል። በ«ሰልፍ» የሚያልቅ ተውላጠ ስም እዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱን ይፈልጋል። ትእዛዝ ላይ ባለቤቱ የተሰወረው «ዩ» ስለሆነ እዚያ ቦታ መግባት የሚችለው «ዩርሰልፍ» ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሾፌሩ ራሱን ሊጠራ ነው። ግእዝ ለቀመሰ ይህ ብርቅ አይደለም፦ «አይ» አነ፣ «ሚ» ኪያየ፣ «ማይን» ዚአየ። «ማይ» ደግሞ መጽሐፍየ ስንል መጨረሻ ላይ የምንቀጥላት «የ» ናት፤ ስም ካላገኘች አትቆምም።

ሰንዳፋ ዳር፦ ማንም ያላነሣው ነገር፦ «ሰልፍ» የኛው ሰልፍ ነው። በግእዝ ጦርነት ነው። ሰው ከራሱ ጋር የሚገጥመው ሰልፍ፣ «ማይሰልፍ»!

ቀይ ብዕር፦ የታክሲ ሰልፍስ የማን ነው? ወንድሜ፣ ጀርመኖቹ «ዜልብስት»፣ ሆላንዶቹ «ዜልፍ» ይላሉ፤ ቃሉ የነሱ ቤተሰብ ነው። ድምፅ በገጠመ ቁጥር ዝምድና ካልን ሠርግ ሊያልቅልን አይደለም።

ሰንዳፋ ዳር፦ ጀርመኖቹስ ከየት አመጡት? 😄

ቀይ ብዕር፦ ወደ ቁም ነገሩ። ዕዝል ያስቀመጥከው ሕግ ትንሽ ጠብቋል። «ፒፕል ላይክ ማይሰልፍ» እና «አዝ ፎር ማይሰልፍ» ባለቤት «አይ» በሌለበትም የታወቁ አባባሎች ናቸው። ጥሩ ጸሐፊዎችም ይጽፏቸዋል።

ዕዝል፦ እነዚያ ከ«ላይክ» እና ከ«አዝ ፎር» በኋላ ነው። እዚህ ያለው «ኮል» ግን ግሥ ነው፣ ተሳቢ ይፈልጋል። ማኔጀሩ ኪያየ ማለት ሲገባቸው ለሊየ፣ «እኔ ራሴ»፣ አሉ።

ቅኔ ለምኔ፦ የኔታ፣ ለሊየ ባለቤትን ማጽኛ ነው፤ «ለሊሁ መጽአ» ስንል «እሱ ራሱ መጣ»። ለተሳቢ ከሆነ ርእስ ነው፤ «አዕበየ ርእሶ»፣ ራሱን ከፍ ከፍ አደረገ። የአማርኛችን «ራስ» ሁለቱንም ስለ ጠቀለለ ነው ተማሪው የሚሳሳተው። ጭራሽ «ራሴን ታጠብኩ» ያለው ሰው የታጠበው ፀጉሩን ነው! «አይ ዋሽድ ማይሰልፍ» ብሎ ከተረጎመው ገላውን ሁሉ አጠበው።

ዕዝል፦ እኮ ለሊየ አሉ ያልኩት፣ ያለ ቦታው ማለቴ ነው።

ቅኔ ለምኔ፦ ያለ ቦታውስ ከሆነ ርእስየ ነው ያሉት። ልዩነት አለው።

ዕዝል፦ የለውም።

ቅኔ ለምኔ፦ አለው። ለሊየን ብታወጣው ዐረፍተ ነገሩ አይፈርስም፤ «አይ ማይሰልፍ ሳይንድ ኢት» ላይ «ማይሰልፍ»ን አውጣ፣ ፊርማው ያው የሱ ነው። ርእስየን ካወጣህ ግን ግሡ ባዶውን ይቀራል፤ «አይ ከት ማይሰልፍ» ላይ አውጣው፣ ምን ቆረጠ? ማጽኛ ነው ወይስ ተሳቢ የሚለው በዚህ ይለያል።

የገላን ልጅ፦ እሺ፣ ግን «ሚ» ደረቅ አይልም ወይ ላልኩት…

ሰበታ 08፦ በዚያው ላይ፣ የኛ «ተ» የምትሠራውን «ሰልፍ» ሁሌ አይሠራውም። ታጠበ፣ ተላጨ ስንል እንግሊዝኛው «ሂ ዋሽድ»፣ «ሂ ሼቭድ» ይላል፤ «ሂምሰልፍ» አያስፈልግም። ተደሰትኩ ለማለት ግን «አይ ኢንጆይድ» ብሎ ማቆም አይቻልም፣ «አይ ኢንጆይድ ማይሰልፍ» ነው። ግሥ በግሥ ይያዛል፣ መላ የለውም። ከቦታ መስተዋድድ በኋላም ተጠንቀቁ፤ «ብሩን ይዞ ሄደ» የሚለው «ሂ ቱክ ዘ መኒ ዊዝ ሂም» ነው እንጂ «ዊዝ ሂምሰልፍ» አይደለም።

ቅኔ ለምኔ፦ ከ«ተ» ጋር የግሡ ፊደል ሲደጋገም ደግሞ ሌላ ነው። ራሳቸውን ወቀሱ፣ «ዘይ ብሌምድ ዜምሰልቭስ»። ተወቃቀሱ፣ «ዘይ ብሌምድ ኢች አዘር»። ግእዙ በበይናቲሆሙ ብሎ ለይቶታል። አማርኛው «እርስ በርስ» ሲል ግን እሱም ከርእስ የመጣ ስለሆነ ተማሪው ሁለቱንም «ዜምሰልቭስ» ያደርገዋል።

ቀይ ብዕር፦ «ሂዝሰልፍ» እና «ዜርሰልቭስ» ብለው የሚጽፉም አሉ፣ «ማይሰልፍ»ን አይተው። ጥፋቱ የነሱ ብቻ አይደለም፤ ማይ፣ ዩር፣ አወር በዘርፍ ይገባሉ፣ ሂም እና ዜም በተሳቢ። ቋንቋው ራሱ አንድ መንገድ አልያዘም።

ሰበታ 08፦ አንድ ጥቅም ግን አለው። አንተም አንቺም እናንተም «ዩ» በሆናችሁበት እንግሊዝኛ፣ ነጠላና ብዙ የሚለየው እዚህ ነው፤ ለአንድ ሰው «ዩርሰልፍ»፣ ለብዙ «ዩርሰልቭስ»። አንትሙ እና አንትን ያሉበትን ዐሥሩን የግእዝ መራሕያን (ተውላጠ ስሞች) ያጠና ሰው በ7 የባለቤት ተውላጠ ስም ምን ያስጨንቀዋል?

ዕዝል፦ ድሮ ይለይ ነበር። በ1611 የታተመው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ለአንድ ሰው «ዛው» ይላል፤ ለብዙ ባለቤት ሲሆን «ዪ»፣ ተሳቢ ሲሆን «ዩ»። ዮሐንስ 8፥32 ላይ ሁለቱም አሉ፤ «ዪ ሻል ኖው…» ብሎ «…ሜክ ዩ ፍሪ»። የብዙው ለአክብሮት ለአንድ ሰውም ይባል ጀመረ፣ በኋላ «ዛው» ከመደበኛው ንግግር ወጣ።

ሰንዳፋ ዳር፦ አንቱታ በዝቶ አንተን ገደለው በለኛ!

ቀይ ብዕር፦ ይቺን ሰምተው ነው መሰለኝ ተማሪዎች ስለ አባታቸው «ማይ ፋዘር ኢዝ ሲክ፣ ዘይ አር አት ሆም» የሚሉት። «እሳቸው መጡ» እና «እነሱ መጡ» ግሣቸው አንድ ስለሆነ አክብሮቱን በ«ዘይ» ያወጡታል፤ ሰሚው ደግሞ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ይቆጥራል። አባትም ይሁኑ ጳጳስ፣ «ሂ» ነው የሚባሉት። አክብሮቱ በማዕረጉ ይግባ፣ «ሂዝ ሆሊነስ» እንደሚባለው።

ቅኔ ለምኔ፦ ለጳጳስ «ሂዝ ሆሊነስ»? «ሂዝ ግሬስ» ነው። «ሆሊነስ» ለፓትርያርኩ ነው!

ቀይ ብዕር፦ ለምሳሌ ነው ያልኩት እኮ።

ቅኔ ለምኔ፦ ምሳሌም ቢሆን።