ዴስክቶፑ ራሱን ይቀይር ወይስ እኛ እንቀይረው?

ለክርክር የቀረበው፦ በትምህርት ቤትና በሥልጠና ማዕከል ለሚገጠሙ ኮምፒውተሮች የቱ ይሻላል? የተጠቃሚውን ችሎታ እየተከተለ ራሱን የሚቀያይር ዴስክቶፕ (ስክሪኑ ላይ የሚታየው የአይኮንና የሜኑ አቀማመጥ) ወይስ ለሁሉም አንድ ሆኖ የሚቆይ?

ፕሮግራመሩ፦ እኔ ይቀያየር ባይ ነኝ። ጀማሪ ሰው ወርድን ሲከፍት የአይኮን መዓት ይደቀንበታል። እሱ የሚፈልገው መጻፍ፣ ሴቭ ማድረግና ፕሪንት ማድረግ ነው። ሌላው ያስፈራዋል። ሶፍትዌሩ ደግሞ ሰውየው ምን ምን እንደሚነካ ያያል። መጀመሪያ ጥቂቱን አሳይቶ፣ ሲጎብዝ ሌላውን እየጨመረለት ቢሄድ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

አሠልጣኟ፦ ወንድሜ፣ ይሄማ ተሞክሮ ቀርቷል። ኦፊስ 2000 ላይ ሜኑ ስትከፍት መጀመሪያ የሚመጣው አጭር ዝርዝር ነበር። ከግርጌው ድርብ ቀስት አለች። እሷን ስትጫን ወይም ትንሽ ስትታገስ የተደበቀው ይወጣል። የተጠቀምክበት ትእዛዝ አጭሩ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ የተረሳው ይደበቃል። ሲያወሩት ያምራል። ግን ትናንት ሦስተኛ የነበረው ትእዛዝ ዛሬ አምስተኛ ሆኖ ይጠብቅሃል። እጅህ የለመደው ቦታ ጠፋ ማለት ነው። ወርድና ኤክሴል በ2007ቱ ኦፊስ ወደ ሪበን፣ ማለትም ትእዛዞቹ በአይኮን ተደርድረው ወደሚታዩበት የላይኛው ሰፊ ረድፍ፣ ሲዞሩ ያ መደበቅም አብሮ ቀረ።

እኔ ክፍል ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ «ከላይ ሦስተኛውን ተጫኑ» ነው የምለው። የየሰዉ ሜኑ ከተለያየ ማንን ይዤ ማንን ልተው? አንዱ ኮምፒውተር ላይ ጠዋት ማውዝ አያያዝ የሚማር ልጅ ይቀመጣል፤ ከሰዓት የሒሳብ ሠራተኛ ኤክሴል ይሠራበታል። አካውንቱ አንድ ነው። ማሽኑ የማንን ችሎታ ሊለካ ነው?

ፕሮግራመሩ፦ የጋራ ኮምፒውተሩ ነገር ከባድ ነው። ግን ኦፊስ የቆጠረው ድግግሞሽን እንጂ ችሎታን አይደለም። የአይቢኤሞቹን የጆን ካሮልንና የካሮላይን ካሪተርስን የ1984 ጥናት እይው። አንድ የጽሑፍ ፕሮግራም ወሰዱና ጀማሪን የሚያሳስቱትን ትእዛዞች ዘጉ። ከሜኑው ላይ ግን አላነሷቸውም። ጀማሪው ሲመርጣቸው ለጊዜው እንደማይሠሩ ይነገረዋል። በዚህ የተማሩት ሙሉው ፕሮግራም ከተሰጣቸው ይልቅ ቶሎ ሥራ ጀመሩ። ስህተት ለማረም ያባከኑት ጊዜም ያነሰ ነበር።

አሠልጣኟ፦ እሱን እደግፋለሁ። ቦታው አልተነቃነቀማ!

ጸሐፊዋ፦ ለእኔ መዝጋትም አያስፈልግም። «ኮፒ» ከሚለው ትእዛዝ ጎን «ኮንትሮል ሲ» ተብሎ ተጽፏል። ያወቅሁት ከዚያው ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። በየቀኑ ሳየው ጣቴ ለመደው። አሁን ወርድ ላይ «አልት»ን ስጫን ሪበኑ ላይ ፊደሎች ብቅ ይላሉ፣ የቱ ቁልፍ ወዴት እንደሚወስድ ያሳያሉ። መፍጠን የፈለገ ያነባቸዋል፤ ያልፈለገ በማውዙ ይቀጥላል።

የሊኑክሱ ሰው፦ ዋናው ጥያቄ ማን ይወስናል የሚለው ነው። በሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፈንታ በሚጫነው ሥርዓት፣ ላይ የሚሠራው ግኖም 3 የተባለ ዴስክቶፕ በ2011 ሲወጣ የመስኮት ማሳነሻዋን ቁልፍ አነሳት። የቀድሞውን የለመዱ ሰዎች ግኖም 2ን ይዘው ማቴ የሚባለውን ዴስክቶፕ ሠሩ። ዊንዶውስ 8 በ2012 የስታርት ቁልፍን አነሳ፤ በቀጣዩ ዓመት በ8.1 መለሳት። በሁለቱም ሥራው የተስተጓጎለው የለመደው ሰው ነው። የቪዲዮ ማጫወቻውን ቪኤልሲን ደግሞ እዩት። ፕሪፈረንስ (ማስተካከያውን) ስትከፍቱ ግርጌ በግራ በኩል ሁለት ምርጫ አለ፦ ቀላሉ ወይም ሁሉም። «ሁሉም» ስትሉ ጫካ የሚያህል ዝርዝር ይመጣል። ካልተመቻችሁ በአንድ ክሊክ ትመለሳላችሁ።

ፕሮግራመሩ፦ እሺ፣ ውሳኔው የተጠቃሚው ይሁን። ግን ጀማሪው ያ ምርጫ መኖሩን በምን ያውቃል? ዓመት ሙሉ ቀላሉ ላይ ተቀምጦ የሚቀር አለ እኮ። ማሽኑ ቢያንስ ይጠቁመው።

አሠልጣኟ፦ ይጠቁመው፣ ግን ሥራ መሀል አይግባበት። ኦፊስ 97 ላይ የነበረውን ክሊፒን ታስታውሳለህ? ሰው ደብዳቤ መጻፍ ሲጀምር ብቅ ብሎ ላግዝህ የሚለውን። ብዙ ሰው ስለተማረረበት ኦፊስ ኤክስፒ ላይ ራሱ ማይክሮሶፍት አጥፍቶት መጣ። ጥቆማው ሰውየው ፋይሉን ሲዘጋ ይምጣ፤ «አልፈልግም» ካለ ደግሞ በዚያው ይብቃ። ለጋራ ማሽኖች ለየተማሪው አካውንት ይከፈት። ካልተቻለ ጠፍቶ ሲበራ ሁሉም ወደ መነሻው ይመለስ።

ጸሐፊዋ፦ የተዘጋውን መክፈት ግን በአሠልጣኙ ፈቃድ ብቻ እንዳይሆን። ፈቃድ ጠይቀው የሚያፍሩ አሉ።

አሠልጣኟ፦ የለም እህቴ፣ የሚከፍተው ተማሪው ነው። የት ገብቶ እንደሚከፍተውና እንዴት እንደሚመልሰው በመጀመሪያው ትምህርት አሳየዋለሁ።