የሬዲዮ ባትሪ አስቸገረኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ሆነን ወደ ዘጌና ደቅ ከሚሄዱ ጀልባዎች ጋር በሬዲዮ እንገናኛለን። መብራት ሲጠፋ ተስፋችን አንድ ባለ 12 ቮልት፣ ውሃ የማይጨመርበት የሊድ አሲድ ባትሪ ነው።

ከቻርጀር ነቅዬ ካሳረፍኩት በኋላ 12.7 ቮልት ያሳያል። ሙሉ ነው ማለት ነው። መስማት ላይም ችግር የለም። ለመናገር ቁልፉን ስጫን ግን እዚያው ባትሪው ጫፍ ላይ ስለካው ከ11 በታች ይወርዳል፤ ሬዲዮውም ድርግም ይላል። ተርሚናሉን አጽድቻለሁ፣ ፊውዙም ደህና ነው።

የምጠረጥረው ቻርጀሩን ነው። ባትሪው ከሞላ በኋላም 14.4 ላይ ይቆያል። ወደ 13.6 ገደማ መውረድ አልነበረበትም? በዚህ ሙቀት ውስጡን አድርቆት ይሆን? አዲስ ባትሪ ብገዛ ያንንም እንዳይበላብኝ ፈራሁ። ሐይቁ ሲናወጥ የሚጠራን ሰው መልስ እንዲያጣ አልፈልግም። እባካችሁ፣ ቶሎ ንገሩኝ።