ባህሬንን ለሚጎበኝ ሰው፦ የትኛው ቦታ ይቅደም፣ የትኛውስ ቢቀር አይቆጭም?

ባህሬን ትንሽ አገር ናት፤ ከሰሜን እስከ ደቡብ በመኪና ለመጓዝ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በዚህም ምክንያት ብዙ ጎብኚ ሁሉንም በአንድ ቀን ለማዳረስ ይነሣና የቀኑን ግማሽ በታክሲ፣ ግማሹን በገበያ ማዕከል አሳልፎ ይመለሳል። የእኔ ምክር ከዚህ የተለየ ነው። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው የሙሐረቅን አሮጌ ሰፈርና የባህሬንን ምሽግ ይምረጥ፤ ሁለተኛ ቀን ያገኘ ብሔራዊ ሙዚየሙንና የአዓሊን መቃብሮች ይጨምር፤ የቀረው መኪና ላለው ሰው የሚሆን ነው። ይህን ጥቆማ የምጽፈው በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች እየሠሩ የዕረፍት ቀናቸው ዓርብ ብቻ ለሆነ ወገኖቼና ከአዲስ አበባ ለአጭር ጊዜ ለሚመጡ መንገደኞች ነው።

ሙሐረቅን ያስቀደምኩበት ምክንያት አለኝ። አውሮፕላን ማረፊያው በዚሁ ደሴት ላይ በመሆኑ ለመድረስ ቅርብ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት ባህሬን በምን ትኖር እንደነበር በእግር እየሄዱ የሚያዩበት ቦታ ነው። የአገሪቱ ሀብት ከባሕር የሚወጣው ሉል ነበር። ሙቀቱ በሚበረታባቸው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ወንዶቹ በጀልባ ወጥተው ለረጅም ጊዜ ባሕር ላይ ይቆዩ ነበር። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዘጋል፤ እግሩን በገመድ በታሰረ ድንጋይ ላይ ያሳርፍና ድንጋዩ ወደ ታች ይዞት ይወርዳል፤ ትንፋሹ እስኪያልቅ ዛጎሉን በመረብ ለቅሞ ገመዱን ሲነቀንቅ፣ ጀልባው ላይ የቀረው ባልደረባው ጎትቶ ያወጣዋል። ይህን በቀን ደጋግሞ ይሠራ ነበር። ብዙዎቹ ወቅቱ ሳይጀምር ለቤተሰባቸው ቀለብ የሚሆን ብድር ከጀልባው አዛዥ ስለሚወስዱ ከዕዳ የመውጣት ዕድላቸው እጅግ የጠበበ ነበር። ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት ተወስደው በባሕረ ሰላጤው ሉል ጠለቃ ላይ የተሰማሩ ሰዎችም እንደነበሩ ማስታወስ ለእኛ አንባቢዎች ተገቢ ይመስለኛል፤ የነጋዴዎቹን ያማሩ ቤቶች ስናደንቅ የማን ጉልበት እንዳለበት ማወቅ ይኖርብናል።

በ1930ዎቹ (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው) የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ የሉልን ገበያ ሲመታና ጃፓኖች በሰው እጅ የሚረባ ሉል በርካሽ ሲያቀርቡ ይህ ኑሮ ፈረሰ። የቀረው ቅርስ በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ 17 ሕንፃዎችን፣ ሉል ይወጣባቸው የነበሩ ሦስት የባሕር ውስጥ ቦታዎችንና ጀልባዎቹ ይነሡበት ከነበረው ዳርቻ አጠገብ ያለውን የቡ ማሒር ምሽግ ያካትታል። ከዚያ ዳርቻ ተነሥቶ በጠባብ መንገዶች መካከል የሚያልፈው የእግር ጉዞ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየጥጉ የቆሙት ሉል የመሰሉ ክብ መብራቶች መንገዱን ስለሚያመለክቱ አስጎብኚ መቅጠር ግዴታ አይሆንም። የጉዞው ጫፍ የሉል ነጋዴዎች የነበሩት የሲያዲ ቤተሰብ ቤት ነው፤ እግረ መንገዳችሁን ግን የአገሪቱ ገዥ የነበሩትን የሼኽ ዒሳ ቢን ዓሊን ቤት አትለፉ። እዚያ ከጣሪያው በላይ የወጣ ባለ አራት ገጽ የነፋስ ማማ አለ፤ ከላይ የሚያልፈውን ነፋስ እየያዘ ወደ ታችኛው ክፍል ይመራዋል፤ ሥሩ ቆማችሁ ሽቅብ ብትመለከቱ ያለ ኤሌክትሪክ ቤት እንዴት ይቀዘቅዝ እንደነበር ወዲያው ይገባችኋል። ከጉዞው በኋላ በሰፈሩ ገበያ ከስታርች፣ ከስኳር፣ ከሳፍሮንና ከሄል የሚሠራውን ሐልዋ ትኩስ እያለ መቅመስ ተገቢ ነው፤ አብሮት የሚቀርበው ቡና ለእኛ ምላስ የቀጠነ ቢሆንም ጣፋጩን ያበርደዋል።

የባህሬን ምሽግ ከማናማ በስተ ምዕራብ በባሕሩ ዳር ይገኛል። ከሩቅ የሚታየው ግንብ ብቻ ከመሰላችሁ ዋናው ነገር ያመልጣችኋል፤ ግንቡ የተቀመጠበት ጉብታ ራሱ የከተማ ፍርስራሽ ነው። ከ2300 ዓመተ ዓለም ገደማ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሰው እየኖረ፣ እያፈረሰና በላዩ እየገነባ የተከመረ ሲሆን፣ ከሜሶጶጣሚያና ከኢንዱስ ሸለቆ ጋር ይነግድ የነበረው የዲልሙን ሥልጣኔ ወደብና ዋና ከተማ ነበር። የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ1950ዎቹ ቁፋሮ ሲጀምሩ ካገኟቸው ነገሮች መካከል ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ወለል ሥር በሸክላ ሳህን ውስጥ የተቀበሩ የእባብ አፅሞች ይገኙበታል። በላይኛው ንብርብር ደግሞ ፖርቹጋሎች አሉ። በ1521 ባህሬንን ይዘው እስከ 1602 ቆይተዋል፤ በክሪስቶፈር ዳ ጋማ መሪነት በ1541 ወደ አገራችን የመጡት ወታደሮች የዚያው የባሕር ኃይል ወገን መሆናቸውን እያሰበ ግንቡ ላይ የሚቆም ኢትዮጵያዊ ቦታው ባዕድ አይሆንበትም።

በምሽጉ አጠገብ ያለው ሙዚየም በ2008 የተከፈተ ነው። ምሽጉን ማየት ነጻ ሲሆን ሙዚየሙ መጠነኛ ክፍያ ይጠይቃል፤ ክፍያው አያስቆጭም፤ ምክንያቱም ውስጥ ያለው ትልቅ ግድግዳ የከተማዋን ንብርብሮች ከታች ወደ ላይ በቅደም ተከተል ስለሚያሳይ፣ ሳይገቡ የወጡ ሰዎች ድንጋይ ብቻ ያዩበትን ቦታ የገባ ሰው ዘመን በዘመን እየለየ ይመለከተዋል። ስለዚህ ከቀትር በኋላ መጀመሪያ ሙዚየሙን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ምሽጉን እንድታዩ እመክራለሁ። ጥላ የሌለው ቦታ ስለሆነ በቀትር አትሂዱ።

ሁለተኛ ቀን ካለ፣ በ1988 የተከፈተው ብሔራዊ ሙዚየም ከአዓሊ መቅደም አለበት። በሙዚየሙ ውስጥ የዲልሙን ሰዎች እንዴት ይቀበሩ እንደነበር የመቃብር ጉብታው ተቆርጦ እስከ ውስጡ ይታያል፤ ይህን ሳያይ አዓሊ የሚሄድ ሰው የአፈር ክምር አይቶ ሊመለስ ይችላል። የዲልሙን የመቃብር ጉብታዎች በ2019 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ 21 ቦታዎች ላይ ያሉ 11,774 ጉብታዎች ተቆጥረዋል። የነገሥታቱ ናቸው የሚባሉት ግዙፎቹ አዓሊ ከተማ ውስጥ፣ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ቆመዋል፤ ልጆች ከሚጫወቱበት መንገድ ማዶ አራት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ መቃብር ሲታይ የሚፈጠረው ስሜት በየትኛውም አዳራሽ አይገኝም። በዚያው ሰፈር ያሉት ሸክላ ሠሪዎች ሥራቸውን ለጎብኚ ስለሚያሳዩ ስጦታ ለመግዛት ከማናማ ሱቆች ይልቅ አዓሊን እመርጣለሁ።

የአል ፋቲሕ ታላቅ መስጊድ ከ7,000 በላይ ሰጋጆችን የሚይዝ ሲሆን፣ ሙስሊም ላልሆኑ ጎብኚዎችም በነጻ ይከፈታል፤ ለሴቶች አባያና ሻሽ እዚያው ይሰጣል፤ አስጎብኚዎቹም ጥያቄን በትዕግሥት ያስተናግዳሉ። ችግሩ ዓርብ ለጎብኚ ዝግ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ዕረፍቱ ዓርብ ብቻ ለሆነ ሰው ይህ ምርጫ አይሆንም። የማናማው ባብ አል ባህሬን በርና ከኋላው ያለው ገበያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሕያው ነው፤ ወርቅና ቅመም ለሚገዛ ይጠቅማል፤ ለጉብኝት ብቻ ከሆነ ግን አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ሕይወት ዛፍ ነው። ከማናማ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ በበረሃው መካከል ብቻውን የቆመ፣ አራት መቶ ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳለው የሚነገርለት፣ በአካባቢው ላይ ውኃ ሳይታይ ለምልሞ የሚኖር ዛፍ ነው። ዝርያው የፕሮሶፒስ ወገን ነው፤ በአፋር የግጦሽ መሬት ላይ ተዛምቶ አርብቶ አደሩን ያስቸገረው ተክል የቅርብ ዘመዱ ነው። ዛፉ በእውነት ያስደንቃል፤ ነገር ግን ለእርሱ ብቻ ብሎ የታክሲ ሂሳብ የሚከፍል ሰው ተጎጂ ነው፤ ከሩብ ሰዓት በላይ የሚያቆይ ነገር እዚያ የለም። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ መኪና ከተከራያችሁ ግን፣ በመንገዱ ላይ በ1932 ነዳጅ የፈለቀበትን፣ በባሕረ ሰላጤው የአረብ ወገን የመጀመሪያ የሆነውን ጉድጓድና በ2021 የተመረቀውን የአዋሊ ካቴድራል ጨምራችሁ ግማሽ ቀን የሚሞላ ጥሩ ጉዞ ይወጣዋል። የሳኺር የመኪና ውድድር ሜዳ ውድድር በሌለበት ቀን ለጉብኝት ብዙም አይመከርም።

የጉዞው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል፤ ከግንቦት በኋላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ የሙሐረቅን የእግር መንገድ መጨረስ ከባድ ነው። በረመዳን የመጣ ሰው ቀን ላይ በአደባባይ ከመብላትና ከመጠጣት ይቆጠብ፤ በዚያ ወር የመግቢያ ሰዓቶች ስለሚቀያየሩም ከመነሣቱ በፊት ይጠይቅ። በከተሞቹ መካከል ቀዩ የሕዝብ አውቶቡስ ከታክሲ እጅግ ይረክሳል፤ በታክሲ የሚሄድ ግን ቆጣሪው መሥራቱን ሳያረጋግጥ አይነሣ።